አድማጮች ያነገሷቸውን የጃዝ አልበሞች ለማዳመጥ ከቤዙ ይጀምሩ

አድማጮች በድምፅ መርጠው የሚያወጧቸው የታላላቅ የጃዝ አልበሞች ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው ቢለያዩም ከአናታቸው ላይ የሚቀመጡት ስሞች እምብዛም አይለዋወጡም። የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ የጆን ኮልትሬን «ኤ ላቭ ሱፕሪም» እና «ብሉ ትሬን»፣ የቻርልስ ሚንገስ «ሚንገስ አህ አም»፣ የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት» ቦታ ይቀያየሩ ይሆናል እንጂ አይጠፉም። ጃዝን ለማወቅ የቆረጠ ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያገኝ ብዙውን ጊዜ ከቁጥር አንድ ጀምሮ በተራ ያዳምጣል፤ እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነበር። ስድስተኛው ወይም ሰባተኛው ላይ ስደርስ የትኛው ዜማ የየትኛው አልበም እንደሆነ ተምታታብኝ፤ ሁሉም ሳክስፎን፣ ሁሉም ሲምባል (በድራሙ ላይ ያለው የነሐስ ሳህን)፣ ሁሉም ረጅም ሆነብኝና ለብዙ ወራት ተውኩት።

ደረጃ የሚነግረን አልበሙን ስንት ሰው እንደወደደው ነው፤ መግቢያው በየት በኩል እንደሆነ አይናገርም። መግቢያውን ያገኘሁት በኋላ፣ ከአልበሞቹ ጀርባ ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፉትን የተጫዋቾች ስም ማንበብ ስጀምር ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ አሜሪካ ጃዝ ይቀርጹ የነበሩት ሰዎች እርስ በርስ የሚተዋወቁ ነበሩ፤ ዛሬ በራሱ ስም አልበም ያወጣ ሰው ነገ በጓደኛው አልበም ላይ አጃቢ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አንድ ተጫዋች መርጦ እርሱን ከአልበም ወደ አልበም መከተል ይቻላል። እኔ የምመክረው ተጫዋች ስሙ በዝርዝሮቹ ርእስ ላይ የማይታየውን ፖል ቼምበርስን ነው። የሚጫወተው ደብል ቤዝ፣ ማለትም ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ቆመው ክሩን በጣት እየሳቡ የሚጫወቱትን ትልቅ ባለ አራት ክር መሣሪያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመርዎ በፊት

በስልኩ በራሱ ስፒከር አያዳምጡ። ዝቅ ያለው ድምፅ በትንሽ ስፒከር ስለማይወጣ ቤዙ ከሞላ ጎደል ይጠፋና የሚቀረው የሲምባል ፍጭትና የትንፋሽ መሣሪያዎች ጩኸት ብቻ ይሆናል፤ ብዙ ሰው «ጃዝ ጫጫታ ነው» የሚለው በዚህ መንገድ ስለሰማው ይመስለኛል። ውድ ዕቃም አያስፈልግም። ሁለቱም ወገን የሚሠራ ተራ ኢርፎን ይበቃል፤ «ሁለቱም» ያልኩበት ምክንያት የዚያ ዘመን የስቴሪዮ ቅጂዎች አንዱን ተጫዋች በግራ፣ ሌላውን በቀኝ ስለሚያስቀምጡ ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ የሚያዳምጥ ሰው አንዱን ሳክስፎን ከሩቅ ሆኖ እንደሚሰማው ይቁጠረው።

ቅደም ተከተሉን የሚያዘበራርቀውን ሸፍል ያጥፉ። ከዚያ አልበሙ መጀመሪያ ሲወጣ ስንት ቁራጭ እንደነበረው ያረጋግጡ። በኋላ በታተሙ ቅጂዎች መጨረሻ ላይ «አልተርኔት ቴክ» እየተባሉ የሚጨመሩት ያንኑ ዜማ ለሌላ ጊዜ የተጫወቱባቸው ቅጂዎች ናቸው፤ ለአዋቂ ጮማ ቢሆኑም ለጀማሪ አልበሙን ያስረዝሙበታል፤ የት እንዳለቀም ያሳስቱታል። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» አምስት ቁራጭ ብቻ ሲሆን 45 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። «ኤ ላቭ ሱፕሪም» አራት ክፍል ነው፤ ከ33 ደቂቃ ብዙም አይበልጥም። «ታይም አውት» ሰባት ነው። ዋይፋይ ባገኙበት ጊዜ አውርደው ቢይዙት ደግሞ ሶሎ (አንዱ ተጫዋች ተራውን ወስዶ የራሱን የሚጫወትበት ክፍል) መሃል ላይ ኢንተርኔት ተቋርጦ ከመናደድ ይድናሉ።

አንድ ደብተር ይያዙ። ለእያንዳንዱ አልበም የመሪውን ስም፣ የተቀረጸበትን ዓመት፣ የቤዝ ተጫዋቹንና የድራም ተጫዋቹን ስም ይጻፉበት።

የመጀመሪያው ሳምንት፦ ዘጠኝ ደቂቃ

«ካይንድ ኦፍ ብሉ» የተቀረጸው በ1959 በሁለት ቀን፣ መጋቢት ወር በገባ በሁለተኛው ቀንና በሚቀጥለው ወር በ22ኛው፣ ኒውዮርክ 30ኛው ጎዳና ላይ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኮሎምቢያ ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ፒያኖ ተጫዋቹ ቢል ኤቫንስ በአልበሙ ሽፋን ላይ እንደጻፈው ማይልስ የዜማዎቹን ንድፍ ያሰበው ከቀረጻው ሰዓታት ብቻ ቀደም ብሎ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሙሉ አልበሙን አያዳምጡ። የመጀመሪያውን ቁራጭ «ሶ ዋት»ን ብቻ፣ በየቀኑ አንድ ጊዜ፣ ሌላ ሥራ ሳይሠሩ ያዳምጡ፤ ከዘጠኝ ደቂቃ ጥቂት ከፍ ይላል።

መጀመሪያ ላይ ፒያኖውና ቤዙ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቁርጥ ያለ ምት ሳይዙ ቀስ ብለው ያንጎራጉራሉ። ከዚያ ቤዙ ብቻውን አንድ ሐረግ ይናገራል፤ ፒያኖው በሁለት አጫጭር ኮርዶች (አብረው በሚመቱ ድምፆች) ይመልስለታል። ቤዙ ሌላ ሐረግ ይጨምራል፤ ያው ሁለት ኮርድ ይመለሳል። ጥቂት ቆይቶ ትራምፔቱና ሁለቱ ሳክስፎኖች ከመላሾቹ ጋር ይቀላቀላሉ። አዝማሪ ግጥም ሲያወርድ ተቀባዮቹ እንዴት እንደሚቀበሉት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልብ ሊሉት የሚገባው ግን ግጥም አውራጁ ማን እንደሆነ ነው። በአብዛኛው ጃዝ መሪ ዜማው የትራምፔት ወይም የሳክስፎን ድርሻ ሲሆን፣ ከሁሉም በላይ በተወደደው አልበም በመጀመሪያው ቁራጭ ላይ ግን ዜማውን የያዘው ፖል ቼምበርስ ነው። ከቤዙ ይጀምሩ ያልኩትም ለዚህ ነው።

አሁን ጣትዎን ጠረጴዛው ላይ እየመቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ብለው ይቁጠሩ፤ ይህ አንድ ባር ነው። ስምንት ባር ሲሞላ አንድ ቤት ብለን እንጥራው። የ«ሶ ዋት» አንድ ዙር አራት ቤት ወይም 32 ባር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቤቶች በአንድ ቅኝት ይሄዳሉ፣ ሦስተኛው ያንኑ ቅኝት ግማሽ ድምፅ ከፍ አድርጎ ይይዘዋል፣ አራተኛው ወደ ነበረበት ይመለሳል። አንዱ ዙር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ሦስተኛው ቤት ሲገባ ወለሉ በአንድ ደረጃ ከፍ ያለ ያህል ይሰማዎታል፤ በመጀመሪያው ቀን ባይሰማዎት በአራተኛው ቀን መሰማቱ አይቀርም።

አንድ ደቂቃ ተኩል ገደማ ላይ ድራም ተጫዋቹ ጂሚ ኮብ ሲምባሉን አንዴ ይመታና ድምፁ ሳይከስም ማይልስ በትራምፔቱ ሶሎውን ይጀምራል። ሁለት ዙር ይጫወታል፤ ድምፅ ይቆጥባል፣ በመካከሉ ዝም ይላል። ቀጥሎ ኮልትሬን በግራ ጆሮዎ በቴነር ሳክስፎን ሁለት ዙር ያንቆረቁራል፤ ማይልስ ባዶ የተወውን ሁሉ እርሱ ይሞላዋል። ካነንቦል አደርሊ በቀኝ ጆሮዎ በአልቶ ሳክስፎን ሁለት ዙር ይከተላል፤ ከሦስቱ የሚስቀው እርሱ ነው። በመጨረሻ ኤቫንስ በፒያኖ አንድ ዙር ይጫወታል፤ ከኋላው የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ያንኑ ሁለት ኮርድ እየደጋገሙ ያቀብሉታል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቼምበርስ ለእያንዳንዱ ምት አንድ ድምፅ እያስቀመጠ፣ ሳይቸኩል፣ ዳገት እየወጣ ቁልቁለት እየወረደ በእግሩ ይጓዛል። ጃዝ ተጫዋቾችም ይህን አጨዋወት የሚጠሩት «መራመድ» ብለው ነው።

እዚህ ላይ የአማርኛ አንባቢ አንድ የማያውቀው ብልጫ አለው። ከማይልስ በፊት የነበረው ዘመናዊ ጃዝ፣ ቢባፕ የሚባለው፣ ኮርዱን በየባሩ ወይም በየሁለት ምቱ እየቀያየረ የሚሮጥ ስለነበር ሶሎ ተጫዋቹ ከኮርድ ወደ ኮርድ መዝለል ነበረበት። ማይልስ በ1959 ያደረገው ኮርዱን ቀንሶ በአንድ ቅኝት ውስጥ ረጅም መቆየት ነው። በትዝታ ወይም በባቲ አንድ ማሲንቆ ተጫዋች ቅኝቱን ሳይለቅ ሩብ ሰዓት ሲጓዝ ሰምቶ ያደገ ጆሮ በአንድ ቅኝት ውስጥ መቆየት ብርቅ አይሆንበትም። እርግጥ የእኛ ቅኝቶች ባለ አምስት ድምፅ ሲሆኑ የ«ሶ ዋት» ቅኝት ባለ ሰባት ነው፤ ስለዚህ አንድ ናቸው ብሎ መደምደም ስሕተት ይሆናል። የቅኔ ቤት ያየ ሰው ደግሞ የሶሎውን ሕግ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ቅኔ ዘራፊው የቤቱን ልክ አይነካም፣ ትናንት የተናገረውን ዛሬ ቢደግመው ግን ያፍራል። እነዚህም 32 ባሩን አይነኩትም።

በሳምንቱ ውስጥ እንደ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሦስት ዓይነት ማዳመጥ ይለማመዱ። በአቦሉ ከቤዙ በቀር ሌላውን እንዳልሰሙ ይሁኑ። በቶናው ማን መቼ እንደገባና እንደወጣ ይከታተሉ። በበረካው ዙሩን ይቁጠሩ። ቡናው ወደ በረካ ሲደርስ ይቀጥናል፤ ይህ ግን በሦስተኛው ነው የሚወፍረው።

ክራር፣ ኪቦርድ ወይም ጊታር ይዘው አብረው ሊጫወቱ ለሚያስቡ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። በመጀመሪያው ቀን ቀረጻ ዋናው ቴፕ መቅጃ ከልኩ ትንሽ ዘግይቶ ይዞር ስለነበር የዚያ ቀን ሦስት ቁራጮች በመደበኛ ፍጥነት ሲጫወቱ ድምፃቸው በጥቂቱ ከፍ ይላል። ከሠላሳ ዓመታት በላይ የታተመው ሸክላ ሁሉ እንዲህ ነበር፤ የተስተካከለው በ1992 ነው። ስለዚህ የድሮ ሸክላ ያለው ሰው መሣሪያው ከአልበሙ ጋር አልገጥም ቢለው የራሱን መሣሪያ ደጋግሞ አይቃኝ።

ፖል ቼምበርስን ተከትሎ

በሁለተኛው ሳምንት አልበሙን ሙሉውን ያዳምጡ። ሁለተኛው ቁራጭ «ፍሬዲ ፍሪሎደር» ላይ ፒያኖውን የሚጫወተው ኤቫንስ ሳይሆን ዊንተን ኬሊ ነው፤ ቤዙና ድራሙ ያው ሆነው ፒያኖው ሲለወጥ የቤቱ አየር እንዴት እንደሚለወጥ ለመስማት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ከዚያ ቼምበርስን ይዘው ይውጡ።

ወደ ኋላ ሁለት ዓመት ቢሄዱ «ብሉ ትሬን» ላይ ያገኙታል። ኮልትሬን ይህን አልበም በ1957 መስከረም ወር በኒውጀርሲ ግዛት ሃከንሳክ ከተማ፣ የቀረጻ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር በወላጆቹ ቤት ሳሎን ባቋቋመው ስቱዲዮ ቀረጸው። ትራምፔቱን የሚነፋው ሊ ሞርጋን በዚያን ቀን የ19 ዓመት ልጅ ነበር። የአልበሙ መጠሪያ የሆነው ቁራጭ ባለ 12 ባር ብሉዝ ስለሆነ ዙሩን ለመቁጠር ከ«ሶ ዋት»ም ይቀላል። ጀማሪ የሆነ ወዳጅዎ አንድ አልበም ብቻ ምረጥልኝ ቢልዎት፣ ዝርዝሮቹ የፈለጉትን ይበሉ፣ ይህን ይስጡት።

ወደፊት ሁለት ሳምንት ያህል ቢሄዱ ደግሞ «ጃይንት ስቴፕስ» አለ። «ካይንድ ኦፍ ብሉ» በሁለተኛው ቀን ተቀርጾ ካለቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በ1959 ግንቦት ወር መጀመሪያ፣ ያው ኮልትሬንና ያው ቼምበርስ ሌላ ስቱዲዮ ገብተው የተቃራኒውን ሙዚቃ ሠሩ። በርእሱ ቁራጭ ላይ ኮርዱ በፍጥነት፣ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ምቱ ይለዋወጣል። ፒያኖ ተጫዋቹ ቶሚ ፍላናጋን በሶሎው መሃል እየቆመ፣ እየተደናቀፈ ሲሄድ ይሰማል፤ የተዋጣለት ባለሙያ ስለነበር ይህ የዜማውን ክብደት እንጂ የእርሱን ድክመት አያሳይም። ቼምበርስ ግን መራመዱን አያቋርጥም። በዚሁ አልበም መጨረሻ ያለው «ሚስተር ፒ ሲ» የተሰየመው ለእርሱ ነው፤ ፒ እና ሲ የስሙ መነሻ ፊደላት ናቸው።

አራተኛው በ1961 የተቀረጸው የኦሊቨር ኔልሰን «ዘ ብሉዝ ኤንድ ዚ አብስትራክት ትሩዝ» ነው። እዚህ ቢል ኤቫንስና ቼምበርስ እንደገና ይገናኛሉ፤ ከእነርሱ ጋር ፍሬዲ ሀባርድ፣ ኤሪክ ዶልፊና ሮይ ሄይንስ አሉ። «ስቶለን ሞመንትስ»ን ሲሰሙ ኤቫንስና ቼምበርስ በሌላ ሰው ቤት እንዴት እንደሚገናኙ ያስተውሉ። በሌሎቹ ቁራጮች ደግሞ ዶልፊን ልብ ይበሉ፤ አልቶ ሳክስፎኑ ከሰው ንግግር ጋር የሚቀራረብ፣ የሚጮህና የሚዘል ስለሆነ አንዴ የሰማው ሰው በሌላ አልበም ላይ ስሙን ሳያነብ ያውቀዋል። ቼምበርስ በ1969 በ33 ዓመቱ በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። በእነዚህ አራት አልበሞች ግን አንድ ሰው ብቻ ተከትለው ከዝርዝሮቹ አናት እስከ መካከላቸው ደርሰዋል፤ ስሞቹም ከእንግዲህ አይምታቱብዎትም።

አራት ድምፅ

ቀጥሎ የሚከተሉት ሰው ኮልትሬን ይሁን። «ኤ ላቭ ሱፕሪም» በ1964 ታኅሣሥ ወር በዘጠነኛው ቀን በአንድ ቀን ተቀረጸ፤ ቫን ጌልደር በዚያን ጊዜ ስቱዲዮውን ወደ ኢንግልውድ ክሊፍስ አዛውሮት ነበር። ማኮይ ታይነር ፒያኖ፣ ኤልቪን ጆንስ ድራም ይጫወታሉ፤ ቤዙን የያዘው ጂሚ ጋሪሰን ነው።

ጎንግ ይመታል፣ ሳክስፎኑ አጭር አዋጅ ያሰማል፤ ከዚያ ጋሪሰን አራት ድምፅ ብቻ ያለው ሐረግ ይጀምራል። ይህን ሐረግ በአፍዎ እስኪያንጎራጉሩት ድረስ ወደፊት አይለፉ፤ የመጀመሪያው ክፍል በሙሉ የቆመው በእርሱ ላይ ነው። ወደ ክፍሉ ማብቂያ ኮልትሬን ያንኑ ሐረግ በአሥራ ሁለቱም ድምፆች ላይ እያፈናቀለ ይጫወተዋል፤ ቀጥሎ ሳክስፎኑ ያቆምና የአልበሙን መጠሪያ በሰው ድምፅ እየደጋገሙ ያዜሙታል። ያኔ ቤዙ ከመጀመሪያው ጀምሮ ምን ይል እንደነበር ይገባዎታል።

ሦስተኛው ክፍል በኤልቪን ጆንስ ድራም ይከፈታል፤ የሚዘጋው ደግሞ በጋሪሰን ብቸኛ ቤዝ ነው። ብዙ አድማጭ እዚህ ላይ ሙዚቃው ያለቀ መስሎት ሌላ ሥራ ይጀምራል፤ እርስዎ ይታገሡ። አራተኛው ክፍል ምት የለውም። ኮልትሬን በአልበሙ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ያተመውን፣ ለፈጣሪ ምስጋና የሚያቀርብበትን የራሱን ግጥም በሳክስፎን ቃል በቃል ያነበዋል። ግጥሙን ፈልገው ከፊትዎ ያስቀምጡና ጣትዎን በመስመሩ ላይ እያስኬዱ አብረው ያንብቡ። ዜማ ምትን ሳይሆን ቃሉን ሲከተል በቤተ ክርስቲያን ሰምቶ ያደገ ሰው የት እንደሚያሳርፍና የት እንደሚያነሣ ቶሎ ይለየዋል። እኔ ግጥሙን ሳልይዝ ሰባት ስምንት ጊዜ ሰምቼው ነበር፤ በያዝኩ ዕለት ሌላ ሙዚቃ ሆነብኝ።

ከ1959 የቀሩት

ከዚያው ዓመት ሦስት አልበሞች ይቀራሉ፤ በእነዚህ ላይ ብዙ አልቆይም። «ታይም አውት» ለመቁጠር ለሚወዱ ሰዎች የተሠራ ነው። ፖል ዴዝመንድ የደረሰው «ቴክ ፋይቭ» አምስት ምት አለው፤ ሦስት ከሁለት እያሉ ይቁጠሩት። «ብሉ ሮንዶ አ ላ ተርክ» ደግሞ ዘጠኝ ነው፤ ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት። ምቱ የእኛ ጭፈራ የለመደው ስድስት ምት ስላልሆነ ትከሻ መጀመሪያ ላይ ይሳሳታል። ከሚንገስ በላይ ሲቀመጥ ሳይ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይከፋኛል።

ሚንገስ ራሱ ቤዝ ተጫዋች ነው፤ «ሚንገስ አህ አም» ስለዚህ ከቤዝ ወንበር የተመራ አልበም ነው። በዚያው በ30ኛው ጎዳና ስቱዲዮ በግንቦት ወር ተቀረጸ። «ጉድባይ ፖርክ ፓይ ሃት» ከሁለት ወር ቀደም ብሎ ለሞተው ሳክስፎን ተጫዋች ለሌስተር ያንግ የተጻፈ ሙሾ ነው። «ፌብልስ ኦፍ ፋውበስ» በ1957 በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁር ተማሪዎች ከነጮች ትምህርት ቤት እንዳይገቡ ወታደር ባሰለፈው የአርካንሳስ ገዥ ላይ የተሰነዘረ ፌዝ ሲሆን፣ ግጥም ቢኖረውም በዚህ አልበም ላይ ግን ያለ ግጥም ወጣ።

የኦርኔት ኮልማን «ዘ ሼፕ ኦፍ ጃዝ ቱ ከም» ፒያኖ የለውም፤ ኮርድ የሚያሳይ ሰው ስለሌለ ቻርሊ ሄደን በቤዙ ኮልማን የሄደበትን ተከትሎ ይሄዳል። ለመጨረሻ ያቆዩት፤ «ሎንሊ ውመን»ን ግን ዛሬም ቢሆን መስማት ይችላሉ።

ዝርዝሮቹ የማያሳዩት

አድማጮች የሚመርጡት አልበም ነው፤ ጃዝ ግን ከአልበም ይቀድማል። ረጅሙ ሸክላ የወጣው በ1948 ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ሸክላ በአንዱ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ስለነበር ሉዊስ አርምስትሮንግ ከ1925 እስከ 1928 ከሆት ፋይቭና ከሆት ሰቨን ጓዶቹ ጋር የቀረጻቸው፣ በጃዝ ውስጥ ሶሎ የሚባለውን ነገር ቅርጽ ያስያዙት ሥራዎች አልበም አይደሉም። የሳክስፎን ተጫዋቹ የቻርሊ ፓርከርም ዋና ዋና ቅጂዎች እንዲሁ። በዚህ የተነሣ ዝርዝሮቹ ከ1955 እስከ 1965 ባለው አሥር ዓመት ላይ ይከማቻሉ፤ አንባቢም ጃዝ በዚያ አሥር ዓመት የተፈጠረ ሊመስለው ይችላል። ማስተካከያው ቀላል ነው፤ ከአርምስትሮንግ የዚያ ዘመን ቅጂዎች አሥሩን መርጦ በዝርዝሩ መሃል መሰንቀር።

ዱክ ኤሊንግተን በ1956 በኒውፖርት ፌስቲቫል ያቀረበው ኮንሰርት ግን አልበም ሆኖ ይገኛል። ፖል ጎንሳልቭስ በቴነር ሳክስፎን 27 ዙር ያለ ዕረፍት ሲጫወት የሕዝቡ ጩኸት ቀስ በቀስ ሲያድግ ይሰማል። ሲፈልጉት የ1999ኙን እትም ይምረጡ፤ የመጀመሪያው እትም ብዙ ክፍሉ በኋላ በስቱዲዮ እንደገና ተጫውቶ ጭብጨባ የተቀጠለበት ነበር።

ሙላቱና የራስዎ ድምፅ

የአሜሪካ አድማጭ በ1950ዎቹ አንድ ነገር ነበረው፤ እኛ የለንም። ሚልየኖች የሚያውቁትን የብሮድዌይ ወይም የሲኒማ ዘፈን ሳክስፎን ተጫዋች ሲያነሣው አድማጩ መነሻውን ስለሚያውቅ የት እንደራቀና የት እንደተመለሰ ያያል። እኛ መነሻውን ሳናውቅ መራቁን እንድናደንቅ እንጠየቃለን። የሙላቱ አስታጥቄ «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» በዚህ ምክንያት ለአማርኛ አንባቢ ከማንኛውም ዝርዝር ቁጥር አንድ በፊት ሊቀድም ይገባዋል ባይ ነኝ። አልበሙ በ1972 ኒውዮርክ ውስጥ የተቀረጸ ሲሆን ከቁራጮቹ መካከል «ኩሉን ማን ኳለሽ» ይገኛል። ይህን ዜማ በሠርግ ያልሰማ አንባቢ ስለማይኖር ማዳመጫው ቀላል ነው፤ ዜማውን በልብዎ እያሉ መሣሪያዎቹ ምን እንደነኩትና ምን እንዳልነኩት ይለዩ። ከዚያ በኋላ ወደ «ሶ ዋት» ቢመለሱ ሶሎ ማለት ምን እንደሆነ ማንም ሳያስረዳዎት ያውቁታል።

ቤዙንም ያወዳድሩ። በሙላቱ ሙዚቃ ቤዙ እንደ ቼምበርስ አይራመድም፤ አንድ አጭር ሐረግ ይዞ እየደጋገመ ይሽከረከራል፤ ከላዩ ቫይብራፎኑና ሳክስፎኑ በአምስቱ ድምፅ ይንሸራሸራሉ። ወደ ጋሪሰን አራት ድምፅ ነው የሚቀርበው።

ድምፅ ለመስጠት ሲነሡ ግን በአንድ ነገር ይጠንቀቁ። ብዙ የውጭ አድማጭ ሙላቱን ያወቀው በ1998 በፈረንሳይ በወጣው «ኢትዮፒክስ» አራተኛ ቅጽ ነው፤ ይህ ከ1969 እስከ 1974 የተቀረጹ ሥራዎች ስብስብ እንጂ በአንድ ሐሳብ የተሠራ አልበም ስላልሆነ አንዳንድ ምርጫዎች ስብስቦችን ሲያገልሉ አብሮ ይወጣል። ድምፅዎ እንዳይባክን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ»ን ወይም በ1974 የወጣውን «የካቲት»ን ይምረጡ። ሌላው ምክሬ ያልጨረሱትን አልበም፣ እንዲሁም አንዴ ብቻ የሰሙትን እንዳይመርጡ ነው። ደረጃውን በእርሳስ ይጻፉ፤ ከስድስት ወር በኋላ እንደገና አዳምጠው በእስክሪብቶ ያጽኑት። የእኔ ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ጃይንት ስቴፕስ» ሦስት ጊዜ ተሰርዞ አራት ቦታ ተዛውሯል። ከፊቱ ባለው ዓምድ፣ ቤዝ በሚለው ሥር የተጻፈው ግን ያው ነው፤ ፒ ሲ።